የኮርቻ ሰፊው ሚስት

በሂንተራህ መንደር ኖትቡርጋን በሙሉ ስሟ የሚጠራት ቄሱ ብቻ ነው፤ ለሌላው ሁሉ ቡርጊ ናት። የተወለደችው ከወንዙ ማዶ፣ በገደል ጥላ ሥር፣ ከኅዳር እስከ ጥር አጋማሽ ፀሐይ ከማይገባበት የእርሻ ቤት ነው። በሃያ ሁለት ዓመቷ ወንዙን ተሻግራ ኮርቻ ሰፊውን ቪርጊልን አገባች። መንገዱ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። ነገር ግን የቪርጊል ቤት በበረዶ ወራት እንኳ የጠዋት ፀሐይ የምትገባበት መስኮት ስለነበረው፣ እናቷ ላገኘችው ሰው ሁሉ "ልጄን ለሀብታም ዳርኳት" እያለች ታወራ ነበር።

ቪርጊል ሀብታም አልነበረም። በዚያ መስኮት ሥር አንድ ከባድ የእንጨት ጠረጴዛ ነበረው፤ በላዩ ላይ ወስፌ፣ ቢላ፣ መቀስና የሙጫ ጣሳ። መጀመሪያ የፈረስ ኮርቻና ልጓም ይሰፋ ነበር። ፈረሱ ከሸለቆው ጠፍቶ ትራክተር ሲመጣ ሰዉ "በቃ፣ አለቀለት" አለ። እሱ ግን አንድ ሳምንት አኩርፎ ተቀመጠና በስምንተኛው ቀን የስኪ ቆዳ መቁረጥ ጀመረ።

በእኛ አገር በበረዶ ወራት ተራራ የሚወጣ ሰው በስኪ ነው የሚወጣው። ሁለቱን ረጃጅም ጣውላዎች እግሩ ላይ ያስርና ከሥራቸው ጠጉራም ጥብጣብ ይለጥፋል። ዛሬ ጥብጣቡ ከፍየል ጠጉር የተሸመነ ጨርቅ ነው፤ ቆዳ መባሉ ከድሮ የቀረ ነው። ጠጉሩ ወደ ኋላ የተኛ ስለሆነ ስኪው ወደ ፊት ሲገፉት ይንሸራተታል፤ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ልሂድ ሲል ግን ጠጉሩ ይቆምና በረዶውን ጨምድዶ ይይዛል። ጫፍ ላይ ሲደርሱ ቆዳውን ገሽልጠው፣ ሙጫው እንዳይበርድ ደረታቸው ውስጥ ከተው፣ እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ። ከወንዙ ምንጭ እስከ ታችኛው ድልድይ ድረስ ያለ ተራራ ወጪ ሁሉ ቆዳውን የሚያስቆርጠው ቪርጊል ዘንድ ነበር። ሙጫው ሲያልቅም የሚያስለብጠው እሱ ዘንድ ነው። በዚህ ሥራ ቤት አደሱ፣ ልጅ አሳደጉ። ልጃቸው ሮስቪታ አድጋ ሊየንስ ከተማ ገባች፣ እዚያም ቀረች።

ከሁለት ክረምት በፊት አንድ ጠዋት ቪርጊል ወስፌውን ይዞ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመ። ቡርጊ ምድጃውን ጠርጋ፣ አመዱን አውጥታ ደፍታ ስትመለስም እንደቆመ ነበር።

"ምን ጠፋብህ?" አለችው።

"ይሄ ምን ነበር?" አለ ወስፌውን ከፍ አድርጎ።

ሳቀች። ሲቀልድ ነበር የመሰላት። ቀልድ እንዳልሆነ ያወቀችው ከሳቀች በኋላ ፊቱን ስታይ ነው። ያን ሳቋን እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

ከዚያ ወዲህ ቡርጊ አንድ ልማድ አወጣች። ቪርጊል ምሳውን በልቶ ሲያሸልብ ቀስ ብላ ጠረጴዛው ዘንድ ትሄዳለች። ጠዋት የሠራውን ቆዳ ዘርግታ በመዳፏ ከፊቱ ወደ ጭራው ትዳብሳለች። ለስለስ ብሎ ከተኛ ደህና ነው። ከጎረበጣት ጠጉሩ ተገልብጧል፤ ያን ጊዜ ትፈታዋለች፣ አዲስ ትቆርጣለች፣ ከመንቃቱ በፊት ትጨርሳለች። እጇ እንደሱ የረቀቀ አልነበረም። ግን አርባ ዓመት አጠገቡ ቆማ አይታለች። ሰዎች መጥተው ይወስዳሉ፣ አመስግነው ይሄዳሉ፣ አንድም ሰው አላጉረመረመም። ደንበኛው እንዲያውም በዛ። ቡርጊም በልቧ "ተመስገን፣ አልታወቀብንም" አለች።

ማታለል ያልተቻለው ሮስቪታን ነበር። ባለፈው የገና ሰሞን ስትመጣ አባቷ ሁለቴ "አንቺ የማን ልጅ ነሽ?" ብሎ ጠየቃት። ሮስቪታ እናቷን ወጥ ቤት ይዛ ገባች።

"እማማ፣ ከተማ ካለው የአረጋውያን ማረፊያ አንድ ክፍል ተገኝቷል። እስከ መጋቢት መጨረሻ ይይዙልኛል።"

"አባትሽ ይሠራል እኮ። የሚሠራ ሰው ከጠረጴዛው ተነሥቶ ወዴት ነው የሚሄደው?"

"እውነት ይሠራል?"

"ለዮሴፍ በዓል የሚያደርሰው አሥራ አንድ ጥንድ አለበት። ሄደሽ ቁጠሪው።"

ሮስቪታ እናቷን ለረጅም ጊዜ ተመለከተቻት። "እንግዲያው እየሠራ እስካለ ድረስ አልነካውም" አለች። "ሲያቆም ግን እንዳትደብቂኝ። አንቺው ራስሽ ንገሪኝ።"

"እነግርሻለሁ" አለች ቡርጊ፤ ወጡንም ማማሰል ቀጠለች።

ቅዱስ ዮሴፍ የእጅ ሠራተኞች ጠባቂ ስለሆነ፣ በመጋቢት በዓሉ ሲውል የሂንተራህ ሽማግሌዎች አብረው ግራጫው ራስ ወደሚባለው ተራራ ይወጣሉ። ጫፉ ላይ መስቀል አለ፤ እዚያ ይጨባበጣሉ፣ የጨሰ ሥጋና ጥቁር ዳቦ ይበላሉ፣ ይወርዳሉ። ቪርጊል አንድም ዓመት አልቀረም። ቡርጊ ግን ጉልበቷ ካስቸገራት ወዲህ ለስድስት ዓመት አልወጣችም ነበር። ዘንድሮ፣ በስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ስኪዋን ከጣራ ሥር አወረደች። እሱ መንገድ ላይ የሆነ ነገር ቢናገር፣ ቢጠፋው፣ አጠገቡ ሆና ልትሸፍንለት ነው። የሰዎቹን ቆዳ ሁሉ አንድ በአንድ ዳብሳ አይታለች። የራሷንም አይታለች፤ አርጅቶ ተመልጧል እንጂ ጠጉሩ በትክክል ተኝቷል።

ጠዋት ቡርጊ እየነዳች በረዶ ጠራጊው መኪና እስከሚደርስበት የመንገዱ ጫፍ ሄዱ። ዘጠኝ ሆነው ተሰበሰቡ። የሚመራቸው ካሲያን ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ያንኑ ጠራጊ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ አፉ የማያርፍ ሰው።

"ቡርጊ፣ አንቺም ልትወጪ ነው? ተራራው ይችልሻል?"

"አንተን የቻለ እኔን አያቅተውም።"

ሰዎቹ ሳቁ። ፖስታ አመላላሿ ሲታ "ካሲያን፣ ዛሬ የእጅህን አገኘህ" አለችው። ካሲያንም ናዳ የቀበረውን ሰው በድምፁ የሚያስገኘው መሣሪያ በእያንዳንዱ ሰው ላይ መሥራቱን ፈትሾ፣ ጓንቱን አጥልቆ፣ ፈር ለመቅደድ ወደ ፊት ሄደ።

ያን ጊዜ ቪርጊል ከጃኬቱ ውስጥ የተጠቀለለ ቆዳ አወጣ። ጠጉሩ ገና የሚያበራ፣ አዲስ ነበር።

"ያንቺ ተመልጧል" አለ። "ትናንት አንቺ ዶሮዎቹ ዘንድ ስትሄጂ ቆረጥኩልሽ። ለዮሴፍ በዓል።"

በሁለት ክረምት ውስጥ እንዲህ የረዘመ ነገር አስታውሶ፣ አስቦ፣ ፈጽሞ አያውቅም። ቡርጊ አሮጌውን ቆዳ መኪናው ውስጥ ትታ ስኪዎቿን አቀበለችው። እሱ በረዶው ላይ ተንበርክኮ፣ ልክ አዲስ ሙሽራ ሳለች ያደርግላት እንደነበረው፣ ቆዳውን በስኪዎቿ ሥር ለጠፈላት። ሰው ሁሉ እያየ ነበር። መዳፏን አውጥታ ልትዳብሰው አልደፈረችም። ደግሞም መዳበሱን አልፈለገችም።

የመጀመሪያውን እርምጃ ስትገፋ ስኪው ተያዘ። በሁለተኛውም ተያዘ። ሊንሸራተት ሲገባው ጠጉሩ ወደ ፊት ቆሞ በረዶውን ቧጠጠ። እግሯ ሥር ያለውን ለማወቅ ከዚያ በላይ አላስፈለጋትም።

ገሽልጣ ብታዞረው ይሆን ነበር፤ ግን ሰዎቹ ያያሉ፣ ማየት ብቻ ሳይሆን ይጠይቃሉ። በዚያ ብርድ አንዴ የተገሸለጠና በረዶ የነካው ሙጫ መልሶ አይይዝም። "ጉልበቴን አሞኛል፣ ልመለስ" ብትል ደግሞ ቪርጊልን ብቻውን ልትለቅ ነው። ስለዚህ ቡርጊ እግሯን ማንሣት ጀመረች። ሌላው ሰው ስኪውን እየገፋ ሲንሸራተት፣ እሷ ከባዱን ጣውላ በእያንዳንዱ እርምጃ አንሥታ ታስቀምጣለች፣ ደግሞ አንሥታ ታስቀምጣለች፣ ጭቃ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው።

በጥድ ደኑ ውስጥ ያለው መንገድ ለጥ ያለ ነበርና ቻለችው። ላቧ ግን በጀርባዋ ወረደ።

"ቡርጊ፣ ደረጃ ነው እንዴ የምትወጪው?" አለ ካሲያን ከፊት ዞሮ።

"ልማዴ ጠፍቶኝ ነው።"

"ዶሮ ነው የሚመስለው አረማመድሽ።"

"ስንቅህን ተሸክመህ ዝም በል።"

ሲታ ወደ ኋላ ቀርታ "ውኃ ትፈልጊያለሽ?" አለቻት። ቡርጊ እምቢ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ቪርጊል ከፊቷ ነበር። ዱላው፣ ትከሻው፣ እርምጃው እንደ ድሮው ነው፤ ወስፌ የረሳው ሰው ስኪ አልረሳም። ከኋላው ሆና ጀርባውን እያየች "ይኼን ቢያዩ ማን ታመመ ይላል?" ብላ አሰበች። ያ ሐሳብ ሌላ አንድ ሰዓት አስኬዳት።

የእረኞቹ ጎጆ ዘንድ አረፉ። ከፔርሙስ ሻይ ተቀዳ። ቪርጊል ጽዋውን ይዞ ወደ ላይ እያየ "ይሄ የማን ተራራ ነው?" አለ።

ቡርጊ ፈጥና "ካሲያን ባለቤቱ ነኝ ይላል" አለች። ሰዎቹ ሳቁ፣ ነገሩ አለፈ። አሁንም ሸፈንኩት አለች በልቧ። ሻይዋን ግን ዱላዎቿን ተደግፋ ነው የጠጣችው።

ከጎጆው በላይ ዳገቱ ቀጥ ይላል። ሰዎቹ ወዲህና ወዲያ እየታጠፉ ወጡ። ቡርጊ አንድ እርምጃ ስትወጣ ሁለት ወደ ኋላ ሸሸች። ስኪዋን አግድም አድርጋ በጎን በጎን መርገጥ ሞከረች፤ አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ ወጣች። ዱላዎቿ እየጎበጡ ነበር። ሰዎቹ ራቁ። በሦስተኛው መታጠፊያ ላይ እግሯን ለማዞር ስታነሣ ሌላኛው ስኪ ከሥሯ ወደ ኋላ ሸሸ። በሆዷ ወደቀችና፣ ለመያዝ እየሞከረች፣ የወጣችውን ሁሉ ተንሸራትታ ወረደች።

ካሲያን ነበር ያያት። ሰዎቹን "ቀጥሉ፣ እኛ እንደርሳለን" ብሎ ወደሷ ወረደ።

"ተጎዳሽ?"

"አልተጎዳሁም። ጉልበቴ ነው።"

ካሲያን አንዱን ስኪ ከእግሯ ፈትቶ ገለበጠው። ቡርጊ "ተወው" አለች፤ ግን ጓንቱን አውልቆ በጣቱ ነክቶታል። አንዴ ነካው፣ ደግሞ ነካው። ከዚያ ጓንቱን ሳያጠልቅ ቀና ብሎ አያት።

"ከታች ጀምሮ በዚህ ነው የወጣሽው?" አለ።

"እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። እኔ ነኝ የቆረጥኩት።"

"ቡርጊ።"

"ለማንም አትናገር። ካሲያን፣ በእናትህ። ሥራ ካጣ ይወስዱብኛል።"

ካሲያን በረዶው ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። "እኔ ከካቻምና ጀምሮ ከከተማ ሱቅ ነው የምገዛው" አለ።

"ምን ትላለህ? ያለፈው ሳምንት እንኳ ቆዳህን አምጥተህልኝ አልነበረም?"

"አሮጌውን። በየክረምቱ አሮጌውን አመጣልሻለሁ፣ ወስጄም ጎተራ እሰቅለዋለሁ። ሲታም እንደዚያው። ሁላችንም እንደዚያው።"

"ሁላችሁም?"

"ማን እንደጀመረው አላውቅም። ተነጋግረን አይደለም እንኳ። አንዱ ሲያደርግ ሌላው አየ።"

"እኔ አስተካክለው ነበር እኮ" አለች። "የተበላሸውን ሁሉ አስተካክለው ነበር።"

"ታስተካክዪዋለሽ። ያንቺን እጅ ከሱ እጅ የማይለይ ሰው ግን በዚህ ሸለቆ የለም፣ ቡርጊ። አርባ ዓመት በሱ ቆዳ ነው የወጣነው።"

ቡርጊ ዓይኗን ወደ ሸለቆው አዞረች። የሠራቻቸው ጥንዶች ሁሉ በየጎተራው፣ ከማጭዱ አጠገብ ተሰቅለው ታዩአት። ሁለት ክረምት ሙሉ፣ ያሸለበ ሰው እንዳትቀሰቅስ እየተጠነቀቀች የሠራችው አንዱም ተራራ አላየም።

"ሮስቪታስ?" አለች።

ካሲያን ጓንቱን ማጥለቅ ጀመረ።

"ነግረሃታል።"

"በገና ጠየቀችኝ። ልጅ 'አባቴ እንዴት ነው?' ብላ ስትጠይቀኝ መዋሸት አልቻልኩም። ግን 'እማማ ራሷ እስክትነግረኝ እጠብቃለሁ' ነው ያለችኝ።"

ከላይ የበረዶ ኮሽታ ተሰማ። ቪርጊል ነበር። ሰዎቹን ትቶ ወደታች እየመጣ ነው። አጠገባቸው ሲደርስ ቆመና ካሲያን የያዘውን ስኪ ተቀበለው። መዳፉን በጠጉሩ ላይ አሳለፈ። ፊቱ ወዲያው ተቀየረ፤ ድሮ ያልተስተካከለ ሥራ ሲያይ የሚቆጣው ቁጣ ፊቱ ላይ ቆመ።

"ይሄንን የቆረጠው ማነው?"

ካሲያን ፊቱን ወደ ጥዶቹ አዞረ።

"እኔ ነኝ" አለች ቡርጊ።

ቪርጊል አያት። ቤቱ የመጣች እንግዳን እንደሚያይ ነበር ያያት፤ በትሕትና፣ ግን በሩቁ። "ሴትዮ፣ ጠጉሩ ተገልብጧል። በዚህ ሰው ይሞትበታል። ሥራውን ካላወቁት ለሚያውቅ ይስጡት። እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነኝ፤ ያምጡልኝ፣ በነገታው አደርስልዎታለሁ።"

"እሺ" አለች። "አመጣዋለሁ።"

"ዋጋው ከሱቅ አይበልጥም።"

"አውቃለሁ። ጥሩ ሠራተኛ እንደሆኑ ሰምቻለሁ።"

ራሱን በእርካታ ነቀነቀ። ትንሽ ቆይቶ ነፋስ ሲመጣ ኮፍያዋን ወደ ጆሮዋ ሳብ አደረገላትና "ቡርጊ፣ በረደሽ እንዴ?" አለ። ኮፍያዋን የነካውን እጁን ይዛ ጓንቱን አስተካከለችለት።

ካሲያን ከቦርሳው ፕላስተር አወጣ። "ገልብጬ ልጠቅልልልሽና እንውጣ። ይይዝልሻል።"

"አይሆንም" አለች። "እኔ እወርዳለሁ። እሱን ይዘኸው ውጣ።"

"ብቻሽን?"

"ቁልቁለት ነው። ቆዳ አያስፈልገኝም።"

ቪርጊል ካሲያንን ተከትሎ ሲወጣ ዞር ብሎ አላያትም። ዳገቱ ከፊቱ ነበርና እግሩ ዳገቱን ብቻ ነበር የሚያውቀው። ሁለቱ ሰዎች ሁለት ጥቁር ነጥብ እስኪሆኑ ድረስ ቡርጊ ቆማ ጠበቀች፤ ከዚያ ቆዳዎቹን ገሽልጣ ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረችና፣ በዚያ በደከመ እግሯ፣ ቀስ ብላ በደኑ ውስጥ ወረደች።

መኪናው ውስጥ ተቀምጣ ስልኳን አወጣች።

"እማማ? ተራራ ላይ አይደላችሁም እንዴ?" አለች ሮስቪታ።

"እኔ ወርጃለሁ። ክፍሉ አሁንም አለ?"

"አለ።"

"አባትሽ አይሠራም። ሁለት ክረምት ሆነው። የሠራሁት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ፣ እማማ።"

"ማወቅሽን ሰማሁ። ንገሪኝ ብለሽኝ ስለነበር ነው።"

"ቅዳሜ ልምጣ?"

"ቅዳሜ ነይ። ሹራቦቹን አጥቤ እጠብቅሻለሁ።"

ከሦስት ሰዓት በኋላ ሰዎቹ ከደኑ ብቅ አሉ። ቪርጊል ከፊት ነበር፤ ጉልበቱን እጥፍ አድርጎ፣ ልክ እንደ ሃያ ዓመት ጎረምሳ እየተጠማዘዘ ወርዶ መኪናው አጠገብ ቆመ። ጉንጩ ቀልቷል፣ ጢሙ ላይ በረዶ አለ። ሲታ ቡርጊን አቅፋ ለቀቀቻት። ሌሎቹ ስንቃቸውን እየሰበሰቡ መሬት መሬት አዩ። ሁሉም ሲያውቁ እንደኖሩ ከካሲያን ቃል ይልቅ ያ አረጋገጠላት።

ቡርጊ መኪናውን አስነሣች። የመጀመሪያውን ኩርባ ካለፉ በኋላ "ቅዳሜ ሮስቪታ ትመጣለች" አለች።

"ለምን?"

"አንተን ልትወስድህ። ሊየንስ ትኖራለህ። የሚንከባከቡህ ሰዎች አሉ።"

"አንቺስ?"

"እኔ እዚህ ነኝ። እሑድ እሑድ እመጣለሁ።"

ቪርጊል አሰበበት። "ደግ" አለ። "ቤቱ ባዶ አይሆንም።"

ድልድዩ ላይ ሲደርሱ "ወዴት ነው የምንሄደው?" አለ። ወደ ቤት እንደሆነ፣ ቅዳሜ ግን ሮስቪታ መጥታ እንደምትወስደው፣ ሊየንስ እንደሚኖር ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው። "አንቺስ?" አለ። እዚህ እንደምትቀር፣ እሑድ እሑድ እንደምትመጣ ነገረችው።

ቤተ ክርስቲያኑ ዘንድ ሲደርሱ ደግሞ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቃት። ቃል ሳትቀንስ፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ ቅዳሜ ሮስቪታ እንደምትወስደው፣ ሊየንስ እንደሚኖር ለሦስተኛ ጊዜ ነገረችው። እሱ እስከ መጨረሻው አዳመጣት፣ "መልካም ነው" አለ፣ ወደ መንገዱም ዞሮ ተቀመጠ። ቡርጊ ፍሬኑን ረግጣ "አንቺስ?" እስኪላት ጠበቀች። ከኋላ የመጣ መኪና ጥሩምባ እስኪነፋባት ድረስ ጠበቀች፤ አላለም።